ምላጩ አንገት ላይ እያለ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ደንበኛው "እዚህ ጋ ትንሽ ቀንስልኝ" ካለው፣ እንደማያምር እያወቀም ይቀንስለታል፤ ሰውየው መስታወት አይቶ ሲያዝን አብሮት ያዝናል። እናታችን "አንተ እኮ ዝንብንም ይቅርታ ጠይቀህ ነው የምታባርረው" እያለች ትስቅበታለች። ለዚህ ነው ያን ሰሞን ያደረገው እስከዛሬ የሚደንቀኝ።

የአራት ዓመት ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ወጥታ፣ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ትቆያለች። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ያባብላታል፤ አንዱ ከረሜላ፣ ሌላው ብስኩት። ከሁሉም የሚብሱት ጡረተኛው ጎረቤታችን ነበሩ። በየሁለት ቀኑ ጺማቸውን ሊላጩ ሲመጡ ከኮታቸው ኪስ ቸኮላት ሳያወጡ አይቀመጡም። "አባባ ቸኮላት" ብላ ስም አውጥታላቸዋለች።

ልጅቷ እራት መብላት ተወች። ጥርሷን ይዛ ስታለቅስ ወንድሜ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ "ሁለቱ ተበልተዋል፤ ጣፋጩ እንዲህ ከቀጠለ ሌሎቹም ይከተላሉ" አለችው።

ከራሱ ጀመረ። አራት ማንኪያ ስኳር የሚወስደውን ሻይ ባዶውን ፊቱን አጨማዶ እየጠጣ "እኔ እየላስኩ እሷን ተይ ብላት ማን ይሰማኛል?" አለኝ። ለልጅቷም ቀን ቆረጠላት፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ራሷ የመረጠችው አንድ ነገር፣ ከዚያ ጥርስ መቦረሽ። ደንበኞቹን አንድ በአንድ ለመናቸው። ሳይነግራቸው የቀሩት ጡረተኛው ብቻ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ሊነግራቸው ተነሥቶ፣ ሦስቴም ጤናቸውን ብቻ ጠይቆ ተመለሰ።

በአራተኛው ጊዜ እኔም ነበርኩ። ልጅቷ ገና አልመጣችም። አረፋ ቀብቷቸው፣ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፎ፣

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር" አለ።

"ምላጭ አንገቴ ላይ አድርገህ?"

"ሌላ ጊዜ ድፍረት አጣሁ።"

"በል ተናገር። እኔ እንደሆን ንቅንቅ አልል!"

ስለ ጥርሷ፣ ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ቅዳሜ ነገራቸው። አረፋው አገጫቸው ላይ መድረቅ ጀመረ።

"ስሜን እኮ ነው የምትቀማኝ" አሉ በመጨረሻ። "ቸኮላቱ ከቀረ እኔን ምን ልታደርገኝ ትፈልገኛለች?"

የወንድሜ እጅ ቆመ። አውቀዋለሁና "እንግዲያው ትንሽ ትንሽ" እስኪል ጠበቅሁ።

"አላውቅም ጋሼ" አለ። "ብቻ እርስዎ እንዳይቀሩብን።"

ከሁለት ቀን በኋላ ጡረተኛው መጡ። ልጅቷ ሮጣ ኪሳቸውን በረበረች፤ አንዱን፣ ሌላውን። ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ተዘርግታ ጮኸች። አንድ እንግዳ ተራ ጠባቂ "ኧረ አንዲት ከረሜላ ምን ታደርጋታለች! እንዴት ያለ ጨካኝ አባት ነው!" ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ወንድሜ ቶንዶሱን አጠፋ። "እባክህ ተው" አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ የተቆረጠው ፀጉር መሀል፣ አጠገቧ ተንበረከከ። "አልቅሺ የኔ እናት፤ ማልቀስ ይቻላል። ቸኮላት ግን ዛሬ የለም።"

ጡረተኛው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ወረፋቸው ደርሶ ሌላ ሰው አሳለፉ። ልጅቷ ሲበቃት ተነሥታ ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገች፤ አየቻቸውም።

"ሌላ ጊዜም ባዶ እጅህን ነው የምትመጣው?"

"ሌላ ጊዜም።"



"እሺ። ፈቅ በልልኝ" አለችና አጠገባቸው ወጥታ ተቀመጠች።