በጎን የተቀመጠችው ልዕልት

በልጅነቴ ተረት የምንሰማው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ሎረንስቪል ከነበረው ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ የወዳደቀ የጥድ ቅርንጫፍ በሚያነድባት የብረት ምድጃ ዙሪያ ነበር። ተራኪያችን የአባቴ አክስት እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ከዳንግላ አካባቢ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ያኔ የጥዱ ሙጫ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ትንኙን እያባረረልን፣ የበረንዳው መብራት ግማሽ ፊታቸውን ብቻ እያበራው ሲያወሩ፣ ለጅቡም ለቀበሮዋም አንጀታቸው ይራራ ነበር። የማይራሩለት ፍጥረት አንድ ብቻ ነው፤ ያልሆነውን ነኝ የሚል። እሱ ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ጠመም አድርገው «እህ!» ይላሉ። ያቺን «እህ» የወረስኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ሚስ ካሮላይን ሳወራ አንቱታውን የተውኩት ረስቼ አይደለም።

እናቴ ያኔ አቅመ ደካማ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር። ሚስ ካሮላይን ከአትላንታ በስተሰሜን የፈረስ እርሻ ያላት ሴት ስትሆን፣ እናቴ የምታጥባቸውና የምታበላቸው አሮጊት የእሷ እናት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ የሚጠብቀኝ ሰው ጠፋና እናቴ ይዛኝ ሄደች። አጥሩ ጋ ቆሜ ሳለ አንዲት ግራጫ ባዝራ መጥታ ትኩስ ትንፋሿን አንገቴ ላይ ለቀቀችው። ስሟ ፔፐር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሚስ ካሮላይን ይህን አይታ «እኔ አስተምራታለሁ፣ በነፃ» ስትል እናቴ እንባዋ መጣ።

የምታስተምረው ግን የጥንት ወይዛዝርትን ግልቢያ ነበር። ሁለቱም እግር በግራ በኩል ይወርዳል። ከኮርቻው ሁለት ቀንድ መሳይ ነገሮች ወጥተዋል፤ ቀኝ እግርሽን በላይኛው ላይ ታጥፊያለሽ፣ የግራ ጭንሽን ከታችኛው ሥር ትሸጉጫለሽ፤ በቀኝ በኩል እግር ስለሌለሽ ፈረሷን በቀጭን ዘንግ ነካ እያደረግሽ ታዣታለሽ። ግልቢያው ቀላል አይደለም፤ ወገብ ይቆርጣል። ግልቢያውን አልንቅም። የምንቀው ልብሱን ነው። በጆርጂያ የሐምሌ ሙቀት የሱፍ ጃኬት፣ ጓንት፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ነጭ ጨርቅ፣ ክብ ባርኔጣ ከነዓይነ ርግቡ! ቀሚሱ ደግሞ ቀሚስ አይደለም። ከፊት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ከኋላ ክፍት የሆነ ሽርጥ ነው፤ ከሥሩ ሴቶቹ እንደ ማንኛውም ጋላቢ ሱሪ ታጥቀዋል። ድሮ ሙሉው ቀሚስ ኮርቻው ላይ እየተያዘ የወደቀችውን ሴት ስለሚያስጎትት ነው አሉ የተከፈተው። መልካም።

«ሱሪ ከታጠቅን ለምን እንደ ሌላው ሰው አንቀመጥም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጨዋ ሴት እንደዚያ አትቀመጥም፣ የኔ ማር» አለችኝ።

ከፈረስ ሲወርዱ ሽርጡን ዞር አድርገው ይቆልፉትና ባለ ቀሚስ እመቤት ይሆናሉ። ዳኞቹ የቁልፉን ቦታና የዓይነ ርግቡን ውጥረት ጎንበስ ብለው ይመረምራሉ። ፈረሷ ጠምቷት እንደሆነ የሚያይ የለም።

በጋው ሲያልቅ «ሾው» የሚሉት የፈረስ ውድድር ነበር፤ ከሾው ውስጥም የባህል ልብስ ተለብሶ የሚጋለብበት ዙር። ሚስ ካሮላይን የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ እንድገባ ወሰነች። እናቴ በደስታ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራች። ማታ እሳቱ ዳር ለእማማ ስትነግራቸው እጃቸውን ከእሳቱ ሰበሰቡ።

«በጎን?» አሉ። «በአንድ ጎን የተጫነን ጭነት አህያም ትጥለዋለች።»

«እማማ፣ እባክዎ ዕድሏን አይዝጉባት። እዚህ አገር ፈረስ የሚማረው የሀብታም ልጅ ነው።»

«ዕድል ከሆነማ ትሂድ። እኔም መጥቼ አያታለሁ።»

መጡ። አባቴ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ደግፎ አመጣቸውና ከአጥሩ ጋ ወንበር ዘረጋላቸው። እኔ ፔፐር ላይ ነበርኩ። ሚስ ካሮላይን በመጨረሻዋ ደቂቃ የፕላስቲክ ዘውድ አምጥታ ጭንቅላቴ ላይ ደፋችብኝ። ሜዳው ውስጥ ስገባ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ከአቢሲኒያ ቤተ መንግሥት አምልጣ የመጣችው የንጉሡ የልጅ ልጅ!» ማን እንደጻፈው ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም። ፊቴ ጋለ፤ ጭብጨባው በዛ። አባቴ ለእማማ ሲተረጉምላቸው አየሁ፤ ወዲያው ድምፃቸው ሜዳውን ተሻግሮ መጣ፦

«በቅሎንም አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች!»

ከእኔና ከቤተሰቤ በቀር የገባው አልነበረም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ግን አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝም በይ በሚል ዓይን ታየኛለች።

ዳኛው ማይክሮፎን ይዞ ቀረበኝ። «ልዕልት፣ ቤተ መንግሥታችሁ ምን ይመስል ነበር?»

እናቴን አየኋት። ከዚያ ፔፐርን፣ ጆሮዎቿን። «ቤተ መንግሥት የለንም» አልኩ። «የምንኖረው ሎረንስቪል ነው። አባቴ የኤርፖርት ማመላለሻ መኪና ይነዳል። እናቴ የሚስ ካሮላይንን እናት ታጥባለች።»

ባለ ዓይነ ርግቦቹ ሳቁ። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የሳቁት «ስታሳሳ!» እያሉ ነው። ሚስ ካሮላይን ተጠግታ፣ ጥርሷን ሳትከፍት «ፈገግ በይና ዙሪ» አለችኝ። ዘውዱን አውልቄ ሰጠኋት። እግሬን ከቀንዱ አላቅቄ፣ ማንም ሳያወርደኝ ዘለልኩ። ቀሚሴ ኮርቻው ላይ ተይዞ ጠርዙ እስከ ጉልበቴ ተተረተረ። ልጓሙን ይዤ፣ ፔፐርን እየሳብኩ በእግሬ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ እናቴ ወደ እማማ ዞረች። «እርስዎ ነዎት ያበላሿት» አለቻቸው። «ነገ ከሥራ ውጪ ብባል ልጆቼን ምን ላብላ?» ቤት ሳንደርስ የእናቴ ስልክ ጮኸ፤ ሚስ ካሮላይን ነበረች። አልተቀየመችም፤ እናቴ ሰኞ እንደወትሮው ትምጣ። ልጅቷ ግን ከእንግዲህ ባትመጣ ይሻላል፤ ፔፐርን ለሌላ ልጅ ሰጥተናታል። «እኔ እኮ ላሳምራት ብዬ ነበር» አለች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ያን ምሽት እሳቱ ዳር ከእማማ ጋር ብቻችንን ተቀመጥን፤ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን ታንኳኳለች። እማማ ፍሙን በእንጨት ገለጥ አደረጉና ጀመሩ።

«ድሮ አንዲት ሽርጥ ነበረች። አንድ ቀን ‘ቀሚስ ነኝ’ ብላ ተነሳች። ከፊቷ ያለው ሰው ሁሉ እጅ ነሳ። ወንበር ላይ ወጣች፣ ፈረስ ላይ ወጣች፣ ‘ንግሥት ነኝ’ አለች፤ አሁንም እጅ ነሱ። ከኋላዋ ግን ፍየሎች ነበሩ።»

የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። እናቴ ደጃፉ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፣ ፊቷ እንደጠቆረ።

«ፍየሎቹ ምን አሉ?» አልኩ።

«ፍየሎቹማ ምን ይላሉ? ‘እመቤቴ፣ ከፊት ሠርግ ነው፣ ከኋላ ግን በሩን ማን ይዝጋ?’ አሏት።»

እናቴ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልዋጥ አላት። እፍ ብላ ፈነዳች፤ ሆዷን ይዛ መሬቱ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች፤ ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

ሰኞ ሥራዋ ገባች። አሮጊቷን እስኪሞቱ ድረስ አጠበቻቸው፣ በደንብ አጠበቻቸው፤ እሳቸው ምንም አላደረጓትም። ሚስ ካሮላይን በኮሪደሩ ስታልፍ ግን እናቴ እንደ ድሮው አንገቷን ሳትደፋ፣ ቀና ብላ ነበር «ጉድ ሞርኒንግ» የምትላት። ልዩነቱን ሴትዮዋ ልብ ማለቷን አላውቅም፤ እኛ ግን ቤት ሆነን አውቀነዋል።

አሁን ብሩክሄቨን አጠገብ ባለ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ባለፈው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ ዓይነ ርግብ ያጠለቁ፣ በጎን የተቀመጡ ሴቶች ፎቶ አሳየችኝ፤ «አያምሩም?» አለች። «ፈረሶቹ ያምራሉ» አልኳት። እማማ ካረፉ ቆይተዋል። መጋቢያችን ንቀት ኃጢአት ነው ብለው ሰብከዋል፤ ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ በዚያች ምሽት ሌላ የሚያሞቀን ነገር እንዳልነበረን አውቃለሁ። ስለ ሚስ ካሮላይን፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ጓንቱና ባርኔጣው ዛሬም ለልጆቼ እያሳቅኩ አወራለሁ። ስለ ፔፐር ግን የሚያስቅ ነገር ፈልጌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።