ጾመኛው አንጁሎ

የጂንካ ሰው ቅጽል ስም ሲያወጣ አይስትም ይባላል። ጉራ ነው። አንጁሎን «ጾመኛው» እያለ ሲጠራ ያን ሁሉ ዘመን ተሳስቶ ኖሯል።

አንጁሎ ጎደሬ ይተክላል፣ ቤት ይከድናል፣ ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በየማለዳው ለእማማ ተናኜ ከቦኖ በሚያመጣው አንድ ጀሪካን ውሃ ነው። ይህን የጀመረው ወንድሙ የሚባለው የእማማ ተናኜ ልጅ ከተገደለ ወዲህ ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ወንድሙ ከዲመካ ገበያ ሲመለስ ኔሪ ወንዝ ዳር ተወግቶ ተገኘ። ገዳዩ አልታወቀም። «መንገደኛ ይሆናል» ተባለና ነገሩ እዚያው ቀረ። እህቱ ሊድያ ያንን ወንዝ እያዩ መኖር አቃታትና ሐዋሳ ገብታ ልብስ ሰፊ ሆነች።

ከስንት ዘመን በኋላ የመለሳት የእናቷ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ «ቤታቸው ይረፉ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። መናኸሪያ ስትወርድ ሻንጣዋን የተቀበላት አንጁሎ ነበር፤ ሸብቷል፣ ጎብጧል። ደጃፍ ሲደርሱ እማማ ተናኜ ከአልጋቸው ሆነው ተጣሩ።

«አንጁሎ፣ ግባና ቅመስ።»

«ጾም ጸሎት ላይ ነኝ፣ እማማ።»

«በርታ» አሉት፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ።

ሊድያ ሐዋሳ ተቀምጣ በስልክ «እንዴት ነሽ» ስትል፣ እናቷን ያኖረላት ይህ ጦሙን የሚውል ጎረቤት ነው። አፈረች።

በማግስቱ እትዬ ብዙወርቅ የሚባሉት ጎረቤታቸው ልጃቸው ተመርቆ ድንኳን ጥለው ነበር። ጠዋት የእማማ ተናኜን ሸፈሮ፣ ያንን ከቡና ገለፈት የሚፈላውን፣ «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ የመለሰው አንጁሎ፣ ጥግ ይዞ ጥብሱን እየጠቀለለ ይጎርሳል። ሊድያ ሳቀች። «ጾመኛው ተያዘ!» ልትለው ስትነሳ አያቷ ይሉት የነበረው ትዝ አላት፤ ሰው የገደለ፣ ሽማግሌ ደሙን ሳያነጻለት ከሟች ቤት እህል ውሃ ከቀመሰ እሱም ዘሩም ይጠፋል። ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ በቤታቸው ይህን ያነሳ የለም። የድሮ ነገር ነው ተብሎ ተትቷል። አንጁሎም የተጠመቀው ከእነሱው ጋር ነው፤ ሆዱ ግን አልተጠመቀም።

እየሮጠች ቤት ገባች። እናቷ ፊቷን አዩና፣ «ዛሬ ገባሽ?» አሏት።

«ታውቂ ነበር?»

«የወንድምሽን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው። ለለቅሶተኛው እህል ሲቀርብ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እሱ እጁን ታጥቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቅመስ እለዋለሁ።»

«ለፖሊስ ሳትናገሪ!»

«ምን ብዬ? እህሌን አልበላም አለ ብዬ?» ሳል ያዛቸው። «ልጄ እንዴት እንደሞተ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከአፉ ሳልሰማ አልሞትም።»

በነጋታው ጠዋት አንጁሎ ውሃውን ይዞ ሲመጣ ሊድያ ሸፈሮ በቅል ሞልታ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጠጣ።»

«ጾም…»

«ትናንት ስትጎርስ አይቼሃለሁ። ጠጣ!»

አንጁሎ ጀሪካኑን አስቀመጠና ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በማር ቀፎ የተነሳ ነው፣ እማማ» አለ ወደ አልጋቸው ዞሮ። «ቀፎዬን ሰርቆ ያወረደው እሱ መሰለኝ። ለካ እሱ አይደለም። ወግቼው ስሸሽ ውሃ ለመነኝ። ወንዙ እዚያው ነው። አልሰጠሁትም።»

«ሳይጠጣ?» አሉት።

«ሳይጠጣ።»

እማማ ተናኜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ «ጠማኝ» አሉ።

አንጁሎ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ሊድያ ቀደመችው። «ከእንግዲህ ከአንተ እጅ አትጠጣም!» ብላ ጀሪካኑንም፣ በእሱ ውሃ የፈላውን ሸፈሮም ደጅ ደፋችና ባዶውን ጀሪካን ይዛ ወደ ቦኖ ሮጠች።

ወረፋው ረጅም ነበር። «እናቴ ጠምቷታል» ብትል ያሳልፏት ነበር። ግን «የአንጁሎ ውሃስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ እሷ ደግሞ ያንን በሰው ፊት መናገር አልቻለችም። ተራዋን ጠበቀች።

ስትመለስ አንጁሎ ደጅ ቆሞ ያለቅሳል። እናቷ ከንፈራቸው እንደደረቀ አርፈዋል። ሊድያ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አንጁሎ በዚያው ቀን በገዛ እግሩ ፖሊስ ዘንድ ሄደ፤ የእማማ ተናኜን መቃብር ሌላ ሰው ቆፈረ። ከቀብር መልስ እትዬ ብዙወርቅ እዚያው በእማማ ተናኜ ቤት ለለቅሶተኛው እህል አቀረቡና ወደ ሊድያ መጡ።

«ከትናንት ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞረም፤ ቅመሺ ልጄ።»

ሊድያ እጇን ታጠበች።

«ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» አለችና ወጣች።