በዓል ጠብቆ የሚቀየር ዘይት

ትናንት ልጄ ከባሕር ዳር ደውሎ፣ «አባዬ፣ የመኪናዬን ዘይት በየስንት ጊዜው ልቀይር?» ሲል ጠየቀኝ።  ጥያቄውን ስሰማ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ወጣት ሳለሁ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችን። አባቴ በሬዎቻቸውን ሸጠው ገዟት፣ እኔ ነዳኋት። ከጉና ግርጌ ድንችና ገብስ እየጫንሁ ለገበያ አወርድ ነበር። በበጋ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል፤ በክረምት ጭቃው መሪ ያስለቅቃል። የሞተሯ ዘይት ቶሎ ጠቁሮ ቅጥራን ይመስላል። አባቴ ግን ስለ ዘይት የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፦ ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ብቻ፣ እንደ አዲስ ልብስ።

«አባባ፣ ዳገቱና አቧራው ይጎዳታል፤ አሁን ይቀየር» እላለሁ።

«መለኪያው ሙሉ ነው አላልህም?»

«ሙሉስ ነው፤ ግን ጠቁሯል።»

«የጠቆረ ሁሉ ይደፋል እንዴ? ጠላም ጥቁር ነው!» ይሉና ይስቃሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የአባት ቃል ነዋ።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ዛሬ ባለቤቴ የሆነችውን የሺን ሊጠይቁልኝ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ገሳይ ተነሡ። የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌ ጋር መግባቱ ደንብ አይደለም፤ እኔ የሄድሁት ለመንዳት ነው። ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር። ከዚያ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። ብንለው ብንሠራው አልነሣም አለ። በመጨረሻ በግ የጫነ መኪና አነሣን። ገሳይ ስንወርድ የሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ በበግ በጠጥ ተለውሷል።

እኔ ከየሺ ቤት ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ቀረሁ። ሴቶች ሲሳሳቁ ሰማሁ። የየሺ አባት፣ «ልጁ ባለመኪና ነው ተብለን ነበር፤ በበግ መኪና መጣችሁሳ?» አሉ።

 ያኔ አባቴ፣ በሰው ፊት ተሸንፈው የማያውቁት ሰው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ልጄ ዘይቱ ይቀየር ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ አላዋቂው በዓል ይድረስ አልሁ። እሱን በኔ አትመዝኑብኝ።»

 ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንሁ። እንዳልሁት መሆኑ ደስ አላሰኘኝም፤ አባቴ በባዕድ ቤት በኔ ምክንያት አንገታቸውን ደፉ።

የየሺ አባት፣ «ጥፋቱን በልጁ ያላላከከ ሰው ለዝምድና አይከፋም» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ተጋባን። ሞተሩም ተሠራ። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከኔ ጋር መከራከር ተዉ። ዘይቱ ይቅርና የትኛው ማሳ ገብስ እንደሚዘራበት፣ የትኛዋ ላም እንደምትሸጥ ስጠይቃቸው እንኳ፣ «አንተ እንዳልህ» ይሉኛል። ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር እንደ አዲስ አፍር ነበር። እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ኖርን።

ለልጄ፣ «መንገድህ ዳገትና አቧራ ከሆነ ከተባለው ጊዜ ቀድመህ ቀይር» አልሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን «አንተ እንዳልህ» የሚለው የአባቴ ቃል ተመላለሰብኝ። እኔ እንዲቀየር የፈለግሁት ዘይቱ ነበር እንጂ አባቴ አልነበሩም።