ውኃው እስኪጎድል ያቆየሁት ሰው

እዚህ ሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይተን ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጓደኛ ነበረኝ። እኔ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነበርኩ፤ እሱ ታክሲ ይነዳል። በጠባይ አንገናኝም። እኔ በትንሹም በትልቁም የምነጫነጭ ቱግ ባይ ነኝ። እሱ ግን ፖሊስ ትኬት ሲጽፍበት እንኳ አመስግኖ የሚቀበል ሰው ነበር። ደግሞ መሐላ ያበዛል። ዳቦ ተወደደ ለማለት እንኳ «እናቴ ትሙት» ሳይል አያልፍም።

ዓሣ ማጥመድ ያስለመደኝ እሱ ነው። ምን ነክቶኝ እንደተከተልኩት አላውቅም፤ እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ሳድግ ውኃ የማውቀው በባልዲ ነው። ቦታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ከምትርቀን ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ወረድ ብሎ ነበር፤ አንዲት ጅረት ትልቁ ወንዝ ውስጥ የምትገባበት፣ ድልድይ ስር ያለ ጭቃማ ዳርቻ። ባሕሩ ከዚያ ሩቅ ነው፤ ወንዙ ግን ከባሕሩ ጋር አብሮ ይሞላል፣ አብሮ ይጎድላል። ታይድ ይሉታል። መጀመሪያ የሄድኩ ማታ ቅጠል ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሽቅብ ወደመጣበት ሲሄድ አይቼ አማተብኩ። ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀብኝ። ዋናው ነገር ውኃው ሞልቶ መጉደል ሲጀምር ነው፤ ትንንሾቹን ዓሦች ከጅረቷ ጠርጎ ያወጣቸዋል፣ ትልልቆቹ አፏ ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። እኛ ደግሞ ባልዲያችንን ገልብጠን ተቀምጠን ትልልቆቹን እንጠብቃለን።

የምንይዘው ግን ሁልጊዜ አምባዛ ነው። ሙልጭልጭ ያለ፣ ጢማም፣ ቅርፊት የሚባል ያልፈጠረበት። እኛ ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም፤ መንጠቆውን አውልቀን እንመልሰዋለን። ይህን ጉዳችንን አገር ቤት ያሉት እናቱ አሳምረው ያውቃሉ። ያን ጊዜ አገር ቤት የሚደወለው ካርድ እየተፋቀ ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ እዚያ እሑድ ሊነጋ ሲል፣ ለቅዳሴ ከመውጣታቸው በፊት ይደውልላቸዋል። እኔም ክፍሏን ከከፈልንበት መጋረጃ ወዲህ ተጋድሜ እሰማለሁ።

«ዓሣ ያዝክ?»

«ያዝኩ እማዬ።»

«ቅርፊት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያ ምኑን ያዝከው!» ይሉና ሁለቱም ይስቃሉ። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ፣ ያው ሳቅ። እኔ እንኳ እየተነጫነጭኩ ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ የአክስቱ ልጅ አጠገባችን ካለችው ሎረል ከተማ ኮል አደረገችኝ። መጀመሪያ ለቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። በኋላ «እናቱ አረፉ» አለችኝ። ተኝተው በዚያው አልነቁም። እሱ ሥራ ላይ ነው፤ አልሰማም። ስልኩን ገና ሳልዘጋው ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጋሼ በሩን አንኳኩ። ጋሼ የሕንፃችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰርጉም ሐዘኑም ያለሳቸው አይሆንም። ቀድመው ሰምተዋል።

«ዛሬ ማታ እንደ ልማዱ ይደውላል» አሉኝ። «ከቤት አውጣው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል ይዘኸው ና። ሰው ሰብስበን እዚሁ እንጠብቃችኋለን።»

«ጋሼ፣ ለምን አሁኑኑ አይነገረውም? የገዛ እናቱ እኮ ናቸው!»

«መርዶ እንደ ፖስታ በር ላይ አይጣልም ልጄ። ግማሹ ሰው ሥራ ላይ ነው። ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? አንተ ብቻህን ትችለዋለህ?»

«እና ሌሊቱን ሙሉ ፊቱን እያየሁ ልዋሸው?»

«አትዋሸው። ዝም በል።»

ለእኔ ነው ዝም በል የሚሉት! ዝም ማለት ብችል ኖሮ ስንት ሥራ ላይ በቆየሁ። በንዴት በሩን ልዘጋባቸው ምንም አልቀረኝም። ግን አደራውን ተቀበልኩ። ሳይሰማ ማንጋት አለብኝ፣ በቃ። የቤቱን ቁልፍ ሰጠኋቸው።

ማታ መጥቶ ሻወር ሲገባ ስልኩን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቼ የእኔ ፍራሽ ስር ከተትኩት። ወጥቶ መፈለግ ጀመረ። «ታክሲዋ ውስጥ ጥለኸው ይሆናል» አልኩት። ታክሲዋን በፈረቃ የሚነዳት ሌላ ሰው ወስዷት ሄዷል።

«ያንተን አምጣ፣ ለእማዬ ልደውል።»

«ካርድ ጨርሻለሁ። ይልቅ ተነስ፣ ውኃው እየሞላ ነው።»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እሱ እየጎተተኝ፣ እኔ እየተራገምኩ ነበር ሁልጊዜ የምንሄደው። «አንተ ነህ ዛሬ የምትጠራኝ? እናቴ ትሙት፣ ዛሬ ዓሣ አለ!» ብሎ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ደረጃው ላይ እንደ ሕፃን እየዘለለ ሲወርድ አንጀቴን በላው።

ያ ሌሊት ዛሬም የማስታውሰው በእንቅልፍ ልቤ ያየሁት ይመስል ነው። ነፋስ የለም። ከወንዙ ላይ ስስ ጉም ተነስቶ የድልድዩን መብራቶች ሸፍኗቸዋል፤ ውኃው ላይ ግን ይታያሉ፣ ረዝመው፣ ተወዛውዘው። አውሮፕላኖቹ ወንዙን ተከትለው እየወረዱ ወደ ኤርፖርቱ ገቡና አለቁ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል ጠፋ። ጅረቷ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ትፈሳለች። አንድ ሽመላ ጭቃው ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ከዘንጎቻችን ጫፍ ትንንሽ ቃጭል አስረናል፤ ዓሣ ሲነካ እንድንሰማ። ቃጭሎቹም ዝም ብለዋል። ውኃው ሞላ፣ እግራችን ስር ደረሰ፣ እና ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም የማይልበት ጊዜ አለው። ያን ጊዜ ቅጠሉም፣ ጉሙም፣ እኛም ባለንበት ቆምን።

«ዛሬ ምን ሆነሃል?» አለኝ። «አልተሳደብክም።»

«ደክሞኝ ነው።»

«አባትህ ተሻላቸው?» አባቴ በዚያ ወር ሆስፒታል ገብተው ነበር። ጓደኛዬ በስልክ ሰላም ከማለት በቀር አያውቃቸውም።

«ደህና ናቸው።»

«እናቴ ትሙት፣ ይድናሉ። ታያለህ።»

«አትማል!» ብዬ ጮህኩበት። ሽመላው ተነስቶ በረረ።

«እንዴ! መቼ ነው ደግሞ የመነኮስከው?» አለና ሳቀ። እኔ ግን ከእሱ ዞር አልኩ። ውኃውን ማየት ጀመርኩ። በሆዴ ጋሼን ረገምኩ፤ ልማዳችንንም ረገምኩ። ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት እንኳ የለውም? የሎረሏ ታውቃለች፣ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ። ልጅየው ብቻ ትል መንጠቆ ላይ እያስገባ ያፏጫል።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውኃው መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ቅጠል ዞረች፣ ከዚያ ሁሉም ቁልቁል ተከተሏት። የእሱ ቃጭል አንዴ ቃጨለች። ቀጥሎ ዘንጉ ጎብጦ ጫፉ ውኃው ውስጥ ገባ።

«ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ! በሞቴ መረቡን!»

እንዲህ ያለ ትግል አይቼ አላውቅም። ክሩ ይጮኻል፣ እሱ ይጮኻል፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ መረቡን ከዓሣው ሥር ለማስገባት እታገላለሁ። ለትንሽ ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁሉንም ረሳሁት። ዓሣውን ተጋግዘን ሣሩ ላይ ስንጥለው ባትሪ አበራበት። አምባዛ አይደለም። ሰፊ፣ ብርማ፣ በጎኑ ጥቁር መስመሮች የወረዱበት፣ እዚህ ሮክፊሽ የሚሉት። ከራሱ እስከ ጭራው ቅርፊት በቅርፊት ነው።

ጓደኛዬ ተንበረከከ። ጣቱን ቅርፊቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። «አለው» አለ። ድምፁ ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው ነበር። «ቅርፊት አለው!» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ በባትሪው ብርሃን እንደ ልጅ ፊት ሆኗል። «አምጣ ስልክህን። ካርድ ጋዝ ስቴሽን እንገዛለን። አሁን ከቅዳሴ ተመልሳለች፣ ቁጭ ብላለች። ይሄንን ካልነገርኳት እሞታለሁ!»

 እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን ልንገረው፣ እዚሁ፣ ጭቃው ላይ፣ ከዓሣው ጋር፤ ምን ይሉኛል አልኩ። ግን አየሁት። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። እናት ያለው ሰው ሆኖ የሚደሰትበት አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። እኔ ነኝ የምቀማው? ቅድም ልማዳችንን ስረግም የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን ውኃው ባይጎድል፣ ባይነጋ ብዬ መለመን ጀመርኩ።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል» አልኩት።

ትንሽ ቅር አለው። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «ይሁን። የት ትሄዳለች? ነገ እደውልላታለሁ።»

ፊቴን ወደ ጨለማው አዞርኩ። እንባዬ እንደ ጉድ ይወርዳል። አየኝ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና ዘንጎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

መንገድ ላይ መኪናዬን እኔው ነዳሁ። እሱ ዓሣውን የከተትንበትን የበረዶ ሳጥን፣ ኩለሩን፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ግማሹን ለጋሼ፣ ግማሹን ለአክስቱ ልጅ ሲያካፍል፣ እንዴት እንደሚጠበስ ሲያወራ፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። በሰዓት ሃምሳ ማይል እንኳ አልነዳሁም፤ መኪና ሁሉ እያለፈኝ ነበር የሚሄደው። ግን ቀስ ብሎ የሄደም ይደርሳል።

ከሕንፃችን ፊት ለፊት ስንቆም ወሬውን በመሀል አቋረጠ። በዚያን ሰዓት ባዶ መሆን የነበረበት ፓርኪንግ ሞልቷል። ሦስት ታክሲ። የሎረሏ መኪና። የቄሱ መኪና። ቀና ሲል የእኛ መስኮት ብርሃን ነው፣ የሰው ጥላ ይታያል። እሱ ራሱ ስንት ሰው ቤት ንጋት ላይ እንዲህ ሄዶ ያውቃል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አላስፈለገውም።

ኩለሩን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠ። ዞሮ መጣ፤ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ከዚያ ሁለት እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመና ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አደረገው።

«ኧረ ወንድሜን!» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ልብህ ነግሮህ ነበር እኮ። አባታችንን…»

መናገር ነበረብኝ። እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ ማለት ነው፤ አራት ቃል። አልወጣልኝም። የእኔ ምላስ፣ ለማንም የማትመለሰው ምላሴ፣ ከዳችኝ። እሱ እያለቀሰ ነው፤ አይቷቸው ለማያውቃቸው ለእኔ አባት። በብብቴ ገብቶ ደግፎኝ ደረጃውን መውጣት ጀመርን። በየእርከኑ «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ፣ ብቻህን አይደለህም» ይለኛል። ተሸክሞኝ ወጣ ማለት ይቻላል።

በሩ ተከፈተ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሼ ከፊት ቆመዋል፤ እጃቸውን ዘርግተዋል።

ጓደኛዬ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ገፋኝ። «ያዙት» አላቸው፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «በእግዚአብሔር፣ እንዳይወድቅ ያዙት።»

እነሱም መጡ፤ እኔን አልፈው እሱን ያዙት።