ወደ አንድ ጎን ያደላ ሞገድ

ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የልጄ ልጅ የፀሐይ መነጽሯን አውልቃ ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። የውሃው ነጸብራቅ ጠፋ። አንገቴን ዘንበል ሳደርግ ተመልሶ መጣ፤ ቀና ስል ጠፋ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ሳቀች።

ነጸብራቁም ወደ አንድ ጎን ያደላ ሞገድ ነው፤ ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ጋሼ ነበር የምለው። በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ከተጣለ የስልክ መሣሪያ የማይክሮዌቭ መቀበያ አወጣ፤ ከዘይት ቆርቆሮም ሞገድ የሚሰበስብ፣ ሰፊ አፍ ያለው ቀንድ አበጀለት። የሚዞር የእንጨት መቆሚያ የሠሩለት የሰፈራችን ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። «መምህር፣ ይህኛው ታንኳ ወዴት ነው የሚቀዝፈው?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ የቄጠማና የዓሣ ሽታ ከሐይቁ ሲመጣ፣ እሱ ቀንዱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቁም፣ አግድም፣ ሰያፍ ያዞር ነበር። እኔ የመቀበያው መርፌ ያሳየውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፍ ነበር።

«በከዋክብቱ መካከል መግነጢስ አለ» አለኝ አንድ ቀን። «እጅግ ፈጣን ኤሌክትሮኖች እሱን እየዞሩ ሲሮጡ ሞገድ ይለቃሉ። ሞገዱ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ቀንዱን ስናዞር መርፌው ከፍ ዝቅ ካለ፣ መግነጢሱ በየት በኩል እንደተዘረጋ አወቅን ማለት ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልሁ። እውነትም ገብቶኝ ነበር።

ወረቀት ለመቆጠብ ርዕስ አንጽፍም ነበር። ገጹ ሁሉ ቁጥር ብቻ ነበር።

የቀበሌው ሰብሳቢ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣና ደብተሩን ገለበጠ።

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው፣ ጓድ መምህር?»

«አንነጋገርም፤ እናዳምጣለን» አለ ጋሼ።

«ማንን?»

«ሰማዩን።»

«ሰማዩ ደግሞ በቁጥር ማውራት ጀመረ?» አለ አንዱ ጠባቂ። ሳቁ።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ጽሕፈቱ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ምን እንደሆነ አስረጂንና እንሂድ።»

ጋሼ አየኝ። ቀንዱን አዙሬ መርፌውን ባሳያቸው ይበቃ ነበር ይሆናል።

«አይገባኝም» አልሁ። «የሚለኝን ብቻ ነው የምጽፈው።»

እሱን ከነደብተሩ ወሰዱት። እኔን ተዉኝ። አላለቀስሁም። ገብቼ ምሳ ሠራሁ።

ሁለት ክረምት አልፎ ተፈታ። «ደግ አደረግሽ፤ ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር» አለኝ።

ከመታሰሩ በፊት የማያስረዳኝ ነገር አልነበረም። ጀበና ሲንተከተክ እንኳ ምክንያቱን ይነግረኝ ነበር። ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን በጀልባ ወደ ቁንዝላ ስንሄድ፣ ውሃው መሃል ላይ ለምን ቀለሙ እንደሚለወጥ ጠየቅሁት። መልሱን አውቀው ነበር፤ ድሮ ራሱ ነው ያስረዳኝ። ሲያስረዳ ድምፁን ልስማ ብዬ ነው።



«እኔ እንጃ» አለኝ። ነፋስ የገፈፈውን ነጠላዬን አንሥቶ ትከሻዬ ላይ መለሰልኝ።