ሁለት ጣት የራቀ ፍሬን

ብስክሌቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላታለለኝም። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር፣ ዕቃውም አንደኛ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ልጄ ላይ የደረሰውን የሰማ ሁሉ «መቼም ስብርባሪ አስይዘውህ ነው» እያለ ሊያጽናናኝ ስለሚሞክር ነው። እንዲህ ሲሉኝ እበሽቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማካፍለው ሰው የለኝም።

የምንኖረው ዓደን፣ ሙዓላ ነው። በፊት ለፊቱ መስኮት የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፣ በጓሮ በር ሲወጣ ደግሞ ወዲያው የሸምሳን ተራራ ጥቁር ድንጋይ ይጀምራል። እኔ ለመርከቦች መለዋወጫ የሚያቀርብ መጋዘን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ብረት በእጄ አንስቼ፣ ብሎን በጣቴ ዳብሼ የት አገር እንደተሠራ እናገራለሁ እያልኩ የምጎርር ሰው ነኝ። ባለቤቴ እዚሁ ዓደን የተወለደች ሐበሻ ናት። ጉራዬን ትታገሠዋለች፣ ሲበዛባት ደግሞ «ያላ፣ ዕቃ አዋቂው ተነሣ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል» ትለኛለች።

ልጃችን አንድ ናት። ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ ጎረቤቶቻችን ቤት ሲለቁ ጥለውት የሄዱትን ዝገት የበላው ብስክሌት አንሥታ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ተራራው ላይ ፍየሎች የረገጧቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ረጅሟን ቁልቁለት «ናዝላ» ይሏታል። ከወንዶቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ስትወርድ ቆሜ አይቻታለሁ። ከመቀመጫው ብድግ ብላ፣ ክርኗን ከፍታ፣ ዓይኗን ከፊት ጎማው አሻግራ ትወረውራለች። ማን እንዳስተማራት እንጃ። እኔ በሕይወቴ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ልጄ ጎበዝ ነበረች። ታች ደርሳ አቧራ የለበሰ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ስትስቅ፣ ፍርሃቴ ሁሉ ይጠፋልኝ ነበር።

አንድ ቀን ያ አሮጌ ብስክሌት መሪው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ደግነቱ ሜዳ ላይ ነበረች። የዚያን ዕለት ለተራራ የተሠራ ደኅና ብስክሌት ልገዛላት ወሰንኩ።

መብራት በመጣ ቁጥር ስልኬን እየሞላሁ ማንበብ ያዝኩ። አካሉ ቀላል አሉሚኒየም ይሁን ይላሉ። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ሞላው የእውነት ይሁን፣ ለጌጥ የተገጠመ አይሁን። ፍሬኑ የዲስክ ይሁን፣ ጎማው ጥርሳም ይሁን። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ያነበብኩት ሁሉ ግን የሚጀምረው በአንድ ነገር ነበር፤ በቅድሚያ ልጁን ለካ፣ ልጁን አስቀምጠህ እይ ይላል። እሱን ዘለልኩት። የጀማሪ ምክር መሰለኝ።

ደግሞስ እኛ ዘንድ ለልጅ ልኩን የሚገዛ ማን ነው? እኔ ያደግኩት እጅጌው ሁለቴ በተጠቀለለ ሹራብ ነው። እናቴ ሰፊውን ገበያ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ «ያድግበታል» ስትል፣ ሰፊ መሆኑ ራሱ ፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ ለከርሞም፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመትም አስባልኛለች ማለት ነውና። ዓደን ደግሞ ይብሳል። ጥሩ ዕቃ ዛሬ መጣ ማለት ነገ ይመጣል ማለት አይደለም። ወደቡ ይዘጋል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሰውም ዕቃም መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያገኘ ሰው የሚቆየውን ይገዛል።

ዓሪሽ ሰፈር ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ ሲሉኝ፣ ዓርብ ጠዋት ለመሄድ ተነሣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«ልጅቷን ይዘሃት ሂድ።»

«ሳታውቅ ላስደስታት ብዬ ነው።»

«እሷ ናት እኮ የምትነዳው።»

«ዕቃ ለመምረጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላማክር?»

«ኸላስ፣ አንተ ካልክ አለቀ» አለችና በሩን ለቀቀችልኝ።

ሻጩ ጎልማሳ የዓደን ሰው ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ትዕግሥተኛ። ሁለት ብስክሌት አወጣልኝ። አንዱ ትንሽ፣ ለልጅ የተሠራ፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል። ሌላው የትልቅ ሰው ሊባል ምንም ያልቀረው፣ ግራጫ፣ ግሩም ነገር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። እኔ ወዲያው ግራጫው ላይ ተጣበቅሁ። ብየዳውን ዳበስኩ። ጎማውን አሽከርክሬ ጆሮዬን ደቅኜ አዳመጥኩ። ሹካውን በሁለት እጄ ወደ ታች ገፋሁት፣ ለስልሶ ወርዶ ለስልሶ ተመለሰ። ፍሬኑንም ሞከርኩ። በራሴ እጅ፣ ሃያ ዓመት ብረት ባነሣ እጅ ጨበጥኩት። ጎማው ቀጥ አለ።

«የስንት ዓመት ልጅ ናት?» አለኝ ሻጩ።

«ዘጠኝ። ግን ታድጋለች።»

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ልጅቷን ጠይቀህ፣ አምጥተህ አስቀምጣት። ሳይክል እንደ ቀሚስ አይደለም። ትንሹን ውሰድ፣ ሲጠባት መልሰህ አምጣው፣ ዋላሂ እቀይርልሃለሁ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። እንዲያውም ትንሹን ሽጦ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ሰውየው የነገረኝ እውነቱን ነበር። ትንሹ ብስክሌት እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ።

ቤት ስደርስ ልጄ ደረጃው ላይ ነበረች። አየችው፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁላት፤ ወጥታ ስትቀመጥ የእግር ጣቶቿ ጫፍ መሬት ነካ።

«ደረሰልሽ?»

«ደረሰልኝ አባዬ።»

«እጅሽስ?»

መሪውን ጨበጠች። «እሱም።»

መሪው በእርግጥ ደርሶላታል። ፍሬኑን ጨብጠሽ አሳዪኝ አላልኳትም። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበር፤ ደረቴን ነፍቼ «አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላት ሌላ አያስፈልጋትም» አልኳቸው። ደግሜ ደጋግሜ ነው ያልኩት። እሷ መሪውን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፤ ደስታ ነው ብዬ አሰብኩ። ደስታም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጫማ ጨረሰች። ትክክለኛው ቃል ይህ ነው፤ ሁለት ጫማ ተከታትሎ ሶሉ ተረከዙ ላይ ተበልቶ ተቀደደ። እኔም ተቆጣሁ። ጫማውን ፊቷ ላይ አንሥቼ፣ «ይህን የመሰለ ፍሬን እያለሽ እግርሽን መሬት ላይ የምትጎትቺው ምን ሆነሽ ነው? ጥጋብ ነው?» አልኳት። አቀረቀረች። «ሁለተኛ እንዳላይ!» አልኳት። እሺ አለች።

አሁን ሳስበው ላብድ እደርሳለሁ። ልጄ በጫማዋ እያቆመች ስትወርድ የነበረው ሌላ ማቆሚያ ስላልነበራት ነው። ጣቶቿ ፍሬኑ ጋ አይደርሱም ነበር፤ መሪውን ለቅቃ ካልተንጠራራች በስተቀር አትይዘውም፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሪ አይለቀቅም። ያንኑ የእግሯን ማቆሚያ ተቆጥቼ ወሰድኩባት። እሺ ካለች ደግሞ እሺ ነው፤ ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት።

ከተቆጣኋት በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አንድ የጎረቤት ልጅ እየጮኸ መጣ። ስደርስ ናዝላ መጨረሻ ላይ፣ ድንጋይ ሥር ተጋድማ ነበር። አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ «አባዬ፣ እግሬን አልጎተትኩም» አለችኝ። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም፤ ሰው ሲወድቅ የሚዘባርቀው መሰለኝ። ተሸክሜያት ስወርድ ያ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ።

የተሰበረው ቀኝ እግሯ ነበር፣ ከጉልበቷ በላይ። ሐኪሟ ለስላሳ አነጋገር ያላት ሴት ናት። የራጅ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ባለቤቴንና እኔን አስጠጋችን። በእስክሪብቶዋ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየችን።

«የልጅ አጥንት የሚረዝመው ከዚህ ነው» አለች። «የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ስብራቱ ይገጥማል። እድገቱ ግን ከዚህ ቦታ ሊቆም ይችላል። ግራው ይቀጥላል፣ ቀኙ ይቀራል።»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። «ያድጋል» እያልኩ ያን ሁሉ ያወራሁት እኔ፣ «ሊቆም ይችላል» የሚለውን ከሐኪሟ አፍ ሰማሁ። ከጊዜ ጋር ይስተካከል ይሆናል፣ ውጭ አገር በቀዶ ሕክምና የሚያስተካክሉ አሉ፣ በየዓመቱ እንለካታለን አለች። ራሴን እነቀንቅ ነበር። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል አላልኩም።

ብስክሌቱ ጭረት እንኳ አልነካውም። ይህም ያናድደኛል። ለማየት ስላስጠላኝ ሙዓላ ውስጥ ወደሚሠራ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ወሰድኩት፤ ሽጥልኝ አልኩት። ሽማግሌው እንግሊዝ ዓደንን ሲገዛ ያደጉ ነበሩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መሣሪያ ሲይዙ ግን ይረጋል። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው።

«የልጅቷን እጅ አሳየኝ» አሉኝ።

መዳፌን ዘርግቼ የልጄ ጣቶች እስከየት እንደሚደርሱ በሌላው እጄ አመለከትኩ። እሳቸው ያንን ልክ በጣታቸው ወስደው መሪው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም እስከ ፍሬኑ እጀታ ያለውን ክፍተት ለኩ።

«ሁለት ጣት ይርቃታል» አሉ። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ብሬክ እኮ ይቀርባል።»

ከኪሳቸው ትንሽ ቁልፍ አወጡ። እጀታው ሥር፣ እኔ መቶ ጊዜ ያየኋትና ምንም ያልመሰለችኝ አንዲት ቅንጣት ብሎን ነበረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዞረች። እጀታው ቀስ እያለ ወደ መሪው ተጠጋ። ሌላውንም እንዲሁ አደረጉ። አንድ ፍንጃል ሻይ ከሚጠጣበት ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ውሃ አመጡልኝ። እኔ ብሎን በጣቴ ዳብሼ የት አገር እንደተሠራ የምናገረው ሰው ነኝ!

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ልጄ አሥራ ሦስት ሆናለች፣ ቆንጆ ናት፣ ተሟጋች ናት። ግራ እግሯ ከቀኙ በሦስት ጣት ይበልጣል። ጫማ ሰፊው በቀኙ ሶል ላይ ይጨምርላታል፤ እያደገች ስትሄድ እሱም ይጨምራል። ብስክሌት ከዚያ ወዲህ አልነዳችም። ወንዶቹ በጓሮ በኩል ዳገቱን ሲወጡ ድምፃቸው ሲሰማ፣ የምታነበውን ታነባለች።

ጣቶቿ እንዳልደረሱ እንደማውቅ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት አብረን ከጫማ ሰፊው ስንመለስ፣ የቤታችን ደረጃ ላይ ትንሽ ልታርፍ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሻጩ፣ ስለ ጫማው ቁጣዬ፣ ስለ ብሎኗ። ይቅር በይኝ አልኳት። ለልጄ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጉልበቷን ስታሽ ቆየች።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ያኔ እጄ አይደርስም ብልህ ትመልሰው ነበር?»

አዎ ልላት ነበር። አዎ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር። ግን ቀና ብላ ታየኛለች፣ ዓይን ዓይኔን።

«አልመልሰውም ነበር» አልኳት። «እጅሽ ያድጋል፣ ታገሺ ነበር የምልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።»