ፕላስተር የተጠቀለለበት ገመድ

ይህ የደረሰው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመስከረም ማብቂያ፣ የግሸን ተሳላሚዎች ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ሰሞን ነው። እስካሁን ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው የተናገርኩት። የምጽፈውም እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። አንድ ሰው በእኔ ምክንያት ተጎድቷል፤ በዚያ ቀን ያደረግሁት ግን ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ‹ሥራዋን የምታውቅ› የሚያሰኘኝ ነበር። ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ ይኸው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ውጫሌ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴም ስላለፈ እህቴ ወዳለችበት ወደ ሐይቅ መጣሁ። ቤት መዋል ስላልሆነልኝ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገባሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ካርድ ይወጣል፣ ለሐኪሙ ይሰጣል፣ ሲመለስ ቦታው ይገባል። ካርዶቹ ብዙ እጅ ስለሚነካቸው ይቀደዳሉ። የተቀደደውን ከቁስል ማሸጊያ ክፍል በማመጣው ነጭ ፕላስተር እለጥፍና ወደ መደርደሪያው እመልሳለሁ። በዚያ ግቢ ፕላስተር ያለበት ነገር ሁሉ የተጠገነ ነገር ነበር፤ የተሰነጠቀው የመስኮት መስታወት፣ የመጥረጊያው እጀታ፣ የጤና መኮንኑ መነጽር ሳይቀር። ይህን የማነሣው ለሰበብ ሳይሆን ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚገናኙበት ማሽን፣ ሰርቨር የሚሉት፣ በእኔ ክፍል ጥግ ባለ የብረት ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ደህና ቁልፍ ያለው ክፍል የእኔ ብቻ ስለሆነ ነው። ከማሽኑ ሁለት ሰማያዊ ገመዶች ይወጡና ግቢውን አቋርጠው መንገድ ዳር ወዳለው ክፍል ይሄዳሉ። ኢንተርኔቱ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ያስገባቻቸው ሰዓዳ የምትባል ባለሙያ ናት። ከደሴ በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ታያቸዋለች።

ስታስገባቸው አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አንዱ አይበቃም ወይ?» አልኳት።

«አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ነው። ሁለቱም ደህና ሲሆኑ ደግሞ ጭነት ይካፈላሉ። እትዬ ሙሉ፣ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ አይተው የለ? ‹የወልዲያ በዚህ ግባ፣ የደሴ በዚያ ግባ› እያለ የሚመድበውን? ይሄም ለሚወጣው ነገር እንደዚያ ነው። አድራሻውን ያይና አንዱን በዚህ ገመድ፣ ሌላውን በዚያ ገመድ ይልካል። ገመዱ እስካለ ድረስ አንዴ የመደበውን አይቀይርም።»

«እንደ ተራ አስከባሪ ይሳደባል?»

«አይሳደብም፤ ግትርነቱ ግን ያው ነው» አለችና ሳቀች።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ የነበረብኝ ነገር እንዳለ አላወቅሁም።

በመስከረሙ ማብቂያ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ እኔ ጎረቤት ለቅሶ ደርሶብኝ ሳልገባ ሰዓዳ መጥታ ኖሯል። ከሁለቱ ገመዶች አንዱ መበላሸቱን አገኘች። ጣራው ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ትንሽ ሣጥን ዝናብ ገብቶበት ነበር። ሣጥኑ ከማሽኑ በኩል መብራት ያበራል፣ የተቀበለውን ግን ወደ ማዶ አያሻግርም። ስለዚህ ገመዱን ከማሽኑ ነቀለችው። አዲስ ሣጥን ይዛ እስክትመለስ ማንም እንዳይነካው ምልክት ልታደርግበት ፈለገች። የኤሌክትሪክ ቴፕ አልያዘችም ነበርና ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ፕላስተር ጠይቃ ጫፉን ጠቀለለችው። ለክሊኒኩ ባለቤት ነግራ ሄደች። እሳቸው ለእኔ መንገሩን ረሱት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ክፍሌን ሳጸዳ ገመዱ ከቁምሳጥኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። ጠግነውት መመለሱን የረሱት መሰለኝ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር አልወድም። ፕላስተሩን ላጥኩት፣ ጫፉን በነጠላዬ ጠረግሁት፣ ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት። ቀጭ አለ። አረንጓዴ መብራቱም ወዲያው በራ። ቁምሳጥኑን ዘግቼ ወደ ካርዶቼ ተመለስኩ።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመር የሚባል ዓሣ አስጋሪ ባለቤቱ ዘይነባና ሁለት ሰዎች ደግፈውት መጣ። ከአይሱዙ ላይ የዓሣ ሣጥን ሲያወርድ ወደ ኋላ ወድቆ ነው። አንገቱን ያመዋል፤ እጅና እግሩ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ካርዱን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ጤና መኮንኑ አስናቀ ይባላል። ራጅ አስነሣውና ፎቶውን በኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሞ አየው። አንድ ጥቁር መስመር ነበረ። «ስብራት ይሁን ጥላ አልለየሁትም» አለ። የእኛ ራጅ የሚነበበው ደሴ ያለ ሐኪም ዘንድ ነው። በስልክ የሚገባ ኢንተርኔት በዚያን ጊዜ በአካባቢያችን አይሠራም ነበር፤ ያለን በገመድ የሚመጣው ብቻ ነው። የደሴው መንገድም ከማለዳው ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ለምን እንደተዘጋ መጠየቅ ትተን ነበር። ሐኪሙ ‹ተሰብሯል› ብሎ ከጻፈ ግን አምቡላንስ ይፈቀድለታል፤ ያሳልፉታል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ መልስ ላይ ነበር።

ይመርን በጀርባው አስተኝተው ከአንገቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ፎጣ አደረጉለት። «መልሱ እስኪመጣ እንዳትነሣ፣ አንገትህንም እንዳታዞር» አለው አስናቀ። ፎቶውን ላከ።

አልደረሰም። አንድ ሰዓት ጠብቆ ደሴ ደወለ። «ሲደርሰን እናየዋለን» አሉት። እንደገና ላከ። መስመሩ ይሠራ እንደሆነ ለማየት የወሩን ሪፖርት ወደ ሌላ ቦታ ላከ፤ ያ ወዲያው ሄደ። በዚህ ጊዜ አስናቀ እርግጠኛ ሆነ።

«ከእኛ ወጥቷል። ችግሩ እነሱ ጋ ነው» አለ።

እኔም አመንኩት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መስመር ይደክማል፣ ሰው ይጠብቃል፣ አንድ ጊዜ ይደርሳል። ሁላችንም መጠበቅ እናውቃለን።

ካርድ ለማድረስ በክፍሉ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይመር ጣራ ጣራ እያየ ያናግረኛል። ስሜን ስለማያውቅ «እትዬ ካርድ» ይለኛል።

«እትዬ ካርድ፣ ፎቶዬ የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

«በእግሩ ነው እንዴ የሄደው? በእግሩም ቢሆን እኮ ይሄኔ ደሴ ገብቶ ሻይ ጠጥቶ ነበር።»

«ዝም ብለህ ተኛ አንተ፣ ስትስቅ አንገትህ ይነቃነቃል» አለችው ዘይነባ።

«እንዳልስቅም ታዟል?»

እሱ ሲቀልድ ነው የዋለው። እሷ ግን ከአጠገቡ አልተነሣችም፤ ምሳም አልበላችም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አብረውት የመጡት ሁለቱ ሰዎች ሄደዋል። ይመር በድንገት ልነሣ አለ።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝም ያሉት ምንም ባያዩበት ነው። ክፉ ነገር ቢሆን ይጮሁ ነበር።»

«ወላሂ አትነሣም። አይተናል አላሉም እኮ» አለችው ዘይነባ።

«አብሽሪ፣ እጄንም እግሬንም ይኸው አንቀሳቅሳለሁ። ቤቴ ሆኜ ልጠብቅ።»

አስናቀ ለመነው። እምቢ ሲለው በራሱ ፈቃድ መሄዱን የሚገልጽ ወረቀት አቀረበለት። እስክሪብቶ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይመር አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ደህና አድርጎ፣ ስሙን እስከ አባቱ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ካርዱ ውስጥ አድርጌ ካርዱን ቦታው መለስኩት። ባጃጅ ተጠርቶለት በኮብልስቶኑ መንገድ ሄደ።

ረቡዕ ማለዳ መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር ሰዓዳ ደረሰች። ማታውን የጠራት አስናቀ ነው። እሷ ክፍሌ ገብታ ቁምሳጥኑን ስትከፍት ዘይነባ በግቢው በር ገባች። ጮክ ብላ አልተናገረችም።

«ቀኝ እጁ ብርጭቆ አልይዝ አለ» አለች።

ሰዓዳ ወደ ቁምሳጥኑ እያየች ነበር። «ይሄን ማን ሰካው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ገመዱን ነቀለችው። ከዚያ እያየኋት ተቀመጠች። ከሹክሹክታ በማይሻል ድምፅ አስረዳችኝ። ማሽኑ ገመዱ ተመልሶ ሲገባና መብራቱ ሲበራ ዳነ ብሎ አመነ። የሚወጣውን ነገር እንደ ልማዱ ለሁለቱ ገመዶች ከፈለው። የሪፖርቱ አድራሻ ለደህናው ገመድ ደረሰ። የደሴው ሐኪም አድራሻ ለተበላሸው ደረሰ። ስለዚህ የይመር ፎቶ በተላከ ቁጥር ጣራችን ላይ እየደረሰ ይቀር ነበር።

«ተራ አስከባሪው እኮ ሞተር መነሣቱን እንጂ መኪናው መድረሱን አያይም፣ እትዬ ሙሉ» አለች።

«ፕላስተሩን አይቼ የተጠገነ መስሎኝ ነው።»

«ወረቀት መለጠፍ ነበረብኝ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ አላለቀስኩም። እያወራን ሳለ አስናቀ ፎቶውን እንደገና ልኮ ነበር። ሻይ እንኳ ሳይፈላ መልሱ መጣ። የአንገት አጥንት ስብራት ነው፤ በሽተኛው እንዳይንቀሳቀስ፤ በአስቸኳይ ይላክ ይላል። አምቡላንሱ ከቤቱ ወሰደው።

ደሴ ከአንድ ወር በላይ ተኛ። አንገቱ ዳነ። ይሄዳል፣ ይሠራል። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አልተመለሱም። ሐኪሞቹ በመጀመሪያው ቀን ሳይነሣ ቢመጣ ኖሮ የሚል ነገር ተናግረዋል ብሎ አስናቀ ነገረኝ። ‹ኖሮ› ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁትም።

በክሊኒኩ ማንም አልወቀሰኝም። ባለቤቱ «የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። ያን ቀን የሠራሁትን ለይመር ግን የነገረው አልነበረም። እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። በሥራዬ እንደ ወትሮው ዋልኩ። እበላ ነበር፣ እተኛ ነበር። እህቴ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ ደህና ነኝ እላት ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ምንም አልነበረብኝም።

ከሆስፒታል እንደተመለሰ ሰምቼ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ስኳር ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ወደ ሐይቁ መውረጃ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መረብ በጭኑ ላይ ዘርግቷል። በግራ እጁና በጥርሱ ሊቋጥር ይሞክራል።

«እትዬ ካርድ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ።

ተቀመጥኩና ሁሉንም በተራ ነገርኩት። ገመዱን፣ ፕላስተሩን፣ መብራቱን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ስጨርስ ይመር መረቡን ከጭኑ አወረደ።

«መብራቱ በርቶ ነበር?» አለኝ።

«በርቶ ነበር።»

«እንግዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ። የእኔም ሰውነት ደህና ነኝ እያለኝ ነው የተነሣሁት።»

ዘይነባ ወደ ቤት ገባች። ስነሣ ወጥታ እንደ ወጉ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ደግሞ ይምጡ» አላለችኝም። ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠርቼ ሥራውን ለቀቅሁ። ምክንያቱ ዕድሜዬ ነው። ገመዱን አዲስ ሣጥን አስገብታ ሰዓዳ ራሷ ሰክታዋለች፤ ሁለቱም በደህና ይሠራሉ ብላኛለች።

ይመር አሁን ጀልባ ላይ አይወጣም። ሌሎች የሚያመጡትን ዓሣ ለነጋዴ ያስረክባል። ገበያ ስሄድ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያየኝ እሱ ነው። ዘንቢሉን መሬት ያስቀምጥና ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን ይዘረጋልኛል። ለታላቅ ሰው ግራ እጅ እንደማይሰጥ እናቱ አስተምራዋለች፤ እኔንም እናቴ አስተምራኛለች። ስለዚህ በተገናኘን ቁጥር «በግራ ሆነብኝ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይለኛል።

እጁን እይዘዋለሁ። «ግድ የለም» እለዋለሁ።